ጎመኑ ስላይዱ ላይ የለም

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፋርማኮሎጂ ትምህርት ምን አገባው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የዚህ ቡለቲን አዘጋጅ ጓደኛዬም ርእሱን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ያገባኛል፤ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የእማዬ አፍንጫ ሌሊቱን ሙሉ ሲደማ አድሯል። ለዚያ ደም ተጠያቂው አንድ ሐኪም ብቻ አይመስለኝም። አንድ የትምህርት አሰጣጥም አለበት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እማዬ በልጅነቷ በተደጋጋሚ በያዛት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልቧ ቫልቭ ተጎድቷል። የልቧ ምትም የተዛባ ነው። ስለዚህ ደም ልቧ ውስጥ እንዳይረጋ፣ ረግቶም ወደ ጭንቅላቷ እንዳይሄድ ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ትወስዳለች። ኪኒኑን መጀመሪያ ያዘዘላት ሐኪም ያላት ነገር ይቺን ታክል ነበር፦ «የደም ማቅጠኛ ነው፤ ማታ ማታ አንድ ፍሬ፤ በየወሩ እየመጡ ደም ይሰጣሉ»። በቃ። ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር ካለም እማዬ ጆሮ አልደረሰም።

እማዬ «የደም ማቅጠኛ» የሚለውን ቃል በራሷ መንገድ ተረጎመችው። በእኛ ሰፈር ደሙ የቀጠነ ሰው ማለት ደም ያነሰው ሰው ማለት ነው። ደም ላነሰው ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ቀይ ሥርና ጎመን ነው። ሐኪሙ ደሜን ሊያቀጥነው ነው፣ እኔ ደግሞ በጎን ልጠግነው ብላ አሰበች ማለት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭራሽ ተመቻት። ለ55 ቀን ጎመን ያልቀረበበት ማዕድ የለም ማለት ይቻላል። በወሩ ምርመራ ደሟ ከሚፈለገው በላይ ቶሎ ይረጋል ተባለና የኪኒኑ መጠን ተጨመረላት። ምን በላሽ ያላት የለም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ዶሮው አለ፣ ሥጋው አለ፣ አይቡ አለ፤ ጎመን ማን ዞር ብሎ ያየዋል! በሁለተኛው ሳምንት ምንም ሳይመታት ክንዷ በለዘ። ቀጥሎ አፍንጫዋ መድማት ጀመረ፣ አልቆም አለ። ሌሊት ሆስፒታል ወሰድናት። አይ.ኤን.አር የሚባለው፣ የደምን የመርጋት ፍጥነት የሚለካው ቁጥር፣ ለእሷ ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው ከ7 በላይ ሆኖ ተገኘ። ቫይታሚን ኬ ተሰጣት፣ ዋርፋሪኑም ለጊዜው ተቋረጠ። ወጣቶቹ ሐኪሞች የሌላ መድኃኒት ስም እየጠሩ ይሄን ወስደሽ ነበር፣ ያንን ወስደሽ ነበር ይሏታል። እሷ አልወሰድኩም ትላለች። በመጨረሻ አንዲት ጎልማሳ ነርስ ጠጋ ብላ «እናቴ፣ በጾሙ ምን ይበሉ ነበር?» አለቻት።

«ምን እበላለሁ ልጄ፤ ጎመን ነዋ!»

ነርሷ ፈገግ ብላ ወደ ሐኪሞቹ ዞረች።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ጉበታችን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ነው። ዋርፋሪን ይህ ቫይታሚን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ታድሶ እንደገና ጥቅም ላይ እንዳይውል ያግደዋል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። ብዙ ጎመን ሲበላ የዋርፋሪን ጉልበት ይዳከማል። ጎመኑ ድንገት ሲቀር ደግሞ ያው ኪኒን ጉልበቱ ያይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ምክሩ «ጎመን አትብሉ» አይደለም። የሚበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት ብዙ እንዳይለዋወጥ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣም አስቀድሞ ለሐኪም እንዲነገር ነው። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በዚያ ሌሊት አብራን የነበረችው ታላቅ እህቴ የሕክምና ተማሪ ናት። ፋርማኮሎጂን ጨርሳ ነበር፤ ያውም በ«ኤ»። ነርሷ ጎመን የሚለውን ቃል ስትሰማ ያደረገችውን፣ እህቴ ስትሰማ ፊቷ የሆነውን መቼም አልረሳም። ቤት ስንመለስ ሃንድአውቷን አውጥታ አሳየችኝ። ሁሉም ነገር አለ። መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም ረጅም ስሙ ሳይቀር አለ። ከዋርፋሪን ጋር የሚጋጩ መድኃኒቶች ዝርዝር አንድ ገጽ ተኩል ይሆናል። ከምግብ በኩል ደግሞ አንዲት መስመር አለች፦ «ስፒናች፣ ብሮኮሊ፣ ብራስልስ ስፕራውትስ»። እህቴ ይህችን መስመር ሸምድዳታለች። ፈተና ላይ መጥታላት አግኝታታለች። ብራስልስ ስፕራውትስ የሚባለውን ነገር ግን እስከ ዛሬ በዓይኗ አይታው አታውቅም። እኔም አላየሁትም። ጎመንን ግን በዚያው ሰሞን ለእረፍት ቤት መጥታ ሳለ ራሷ ከትፋ፣ ራሷ አብስላ ለእማዬ አቅርባላታለች።

ያስለቀሳትም ይኸው ነው። «አውቀው ነበር እኮ!» ትላለች።

እኔ እንደሚመስለኝ ታውቀው ነበርም፣ አታውቀውም ነበርም። የምታውቀው ለጥያቄ ወረቀት ነው። ከአራት ምርጫ አንዱን ለማክበብ የሚበቃ እውቀት ነው። የተማረችበት መንገድ ይህንን አሳምሮ ያስተምራል፦ መድኃኒቶች በጎሳ በጎሳ ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚታዘዝ፣ ምን ጉዳት እንዳለው፣ ለማን እንደማይሰጥ ይዘረዘራል። ቀጣዩ ስላይድ ይመጣል። ተማሪው ወደ ሆስፒታል ሲወጣ ግን የሚያጋጥመው ከበሽተኛ የሚነሳ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ከመድኃኒቱ ተነስቶ ወደ በሽታው ሄዷል፤ አልጋው ዘንድ ከሰውየው ተነስቶ ወደ መድኃኒቱ እንዲመጣ ይጠበቅበታል። መንገዱን በግልባጩ ማንም አላስኬደውም።

በዚህ የምናላግጥ እኛ ጋዜጠኞች እንዳንሆን! አንደኛ ዓመት ሳለን «ዜና ማለት ምን ማለት ነው? ተርጉም» የሚል ባለ አምስት ነጥብ ጥያቄ ተሰጥቶን ሙሉ ነጥብ ያገኙ ልጆች፣ ግቢው ውስጥ ውኃ ለሦስት ቀን ሲጠፋ አንድ አንቀጽ ዜና መጻፍ አቅቷቸው አይቻለሁ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ልዩነቱ የእኛ ስህተት ማንንም አያደማም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ መፍትሔው ላይም ብዙ ተሠርቷል። በካናዳ የሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ሌክቸሩን ወደ ጎን አድርጎ ጥቂት ጥቂት ተማሪዎችን በአንድ የበሽተኛ ታሪክ ዙሪያ እያስቀመጠ ማስተማር ጀመረ። በአገራችንም የጅማው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1975 ዓ.ም. ሲመሠረት ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ እያወጡ ማስተማርን መለያው አድርጎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራምም ትምህርቶቹን እያዋሐዱ ማስተማር ታስቦበታል። ስለዚህ ሐሳቡ አልጎደለንም።

ለፋርማኮሎጂ በተለይ የተጻፈውን ያገኘሁት እህቴ ከላይብረሪ ያመጣችው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው፣ በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያዘጋጁት የመድኃኒት አስተዛዘዝ መምሪያ ነው። መምሪያው ተማሪውን በስድስት እርምጃ ያስኬደዋል። የበሽተኛው ችግር ምንድን ነው? በሕክምናው ምን ላገኝ ፈለግሁ? አስቀድሜ የመረጥኩት መድኃኒት ለዚህ ሰው ይስማማል? ከዚያ ማዘዙ ይመጣል። አምስተኛው ለበሽተኛው መረጃ፣ መመሪያና ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ስድስተኛው መከታተልና ጊዜው ሲደርስ ማቆም ነው። ተማሪው ለተለመዱት በሽታዎች «የእኔ» የሚላቸውን ጥቂት መድኃኒቶች መርጦ እነሱን አብጠርጥሮ እንዲያውቅ ይመከራል። በዓለም ላይ ያለውን መድኃኒት ሁሉ እንዲሸመድድ አይጠየቅም። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ 200 ገደማ ብቻ ነበር የያዘው። እህቴ ግን ለአንድ ፈተና ብቻ የስንቱን ስም በዶርም ግድግዳ ላይ ለጥፋ እንደነበር እኔ አውቃለሁ!

ነገሩ የወረቀት ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ ተሞክሯል። ከግሮኒንገን እስከ ሌጎስ፣ ከካትማንዱ እስከ ዮግያካርታ በ7 የሕክምና ትምህርት ቤቶች 219 ተማሪዎች ተሳትፈው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በዚህ መንገድ አጭር ሥልጠና የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እኔን የገረመኝ የሚቀጥለው ነው፤ ባልተማሩት ዓይነት የበሽተኛ ችግር ላይም ተሻሉ፤ ከስድስት ወር በኋላም አልረሱትም። የሸመደደ ሰው እንኳን ስድስት ወር፣ ከፈተናው ማግስት ስንቱን እንደሚያስታውስ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አምስተኛዋ እርምጃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የእኛ ሙያና የእነሱ ሙያ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። ፋርማኮሎጂ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ግን የሚሰማው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ ማን ያስተምራል? ማንም። ተማሪው በሥራ ላይ ራሱ ይፈጥረዋል፣ ወይም አይፈጥረውም። «የደም ማቅጠኛ» የሚለው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የመጣ ነው። ለእማዬ ግን ሌላ በሽታ ሆኖ ተሰማት። «ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ» ቢባል ኖሮ ቀይ ሥርና ጎመን ፍለጋ ባልሄደች ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። «በየ8 ሰዓቱ ውሰዱ» የሚለውን በእኛ የሰዓት አቆጣጠር «በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ» ብሎ የሚሰማ ሰው የለም ትላላችሁ? እኔ አክስቴን አውቃለሁ። «ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለ ጿሚ እስከ 9 ሰዓት ካልቀመሰ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ከበላ፣ ሦስተኛዋ ኪኒን የት ትግባ? በረመዳንስ? የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን እንደሚያቀላ ያልተነገረው ሰው ደም ሸናሁ ብሎ ቢደነግጥና መድኃኒቱን ቢያቆም ይፈረድበታል? እነዚህ በሃንድአውቱ ላይ «ካውንስሊንግ» በሚል አንድ ቃል የታለፉ ናቸው።

እህቴ ይህን ጽሑፍ አስነብቤያት አንድ ቦታ ላይ ተቆጥታኛለች። ቁጣዋ ተገቢ ስለሆነ እዚህ አስገባዋለሁ። «አንተ ሜካኒዝሙን እንደ ጠላት አየኸው» አለችኝ። «ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬን እንደሚያግድ የማያውቅ ሰው ጎመንን ከየት ያመጣዋል? ነርሷም እኮ ያገኘችው ስለምታውቅ ነው። ነገ ሌላ መድኃኒት ይመጣል፤ ምክሩን ብቻ የሸመደደ ሰው ያኔ ምን ይሆናል?» እውነቷን ነው። መሠረቱ ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። የእኔ ቅሬታ ትምህርቱ ኢንዛይሙ ላይ ደርሶ መቆሙ ነው፤ ከኢንዛይሙ ወደ ድስቱ ያለው መንገድ አለመጠረጉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቁጥር ነው። አንድ የፋርማኮሎጂ መምህር ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ አንድ፣ እነሱ ከመቶ በላይ፤ ስምንት ስምንት አድርጌ ባስቀምጣቸው መቼ ልጨርስ?» አሉኝ። ይህም እውነት ነው። ማክማስተር የሠራው ሁሉ እዚህ እንዳለ ይሠራል የሚል የዋህ አይደለሁም። ግን መቶውን ተማሪ እንደያዙም ቢሆን የሚቻል ነገር አለ። የዋርፋሪንን ታሪክ ራሱን እንውሰድ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካ ከብቶች በትንሽ ቁስል ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ነበር። ምክንያቱ የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ማዕበል ውስጥ መኪናውን ነድቶ፣ የሞተች ጊደር፣ ያልረጋ ደም የሞላበት የወተት ዕቃና የተበላሸ ድርቆሽ ይዞ ካርል ፖል ሊንክ የተባለው ኬሚስት ቤተ ሙከራ ደረሰ። ሊንክና ባልደረቦቹ ለዓመታት ለፍተው ደሙን እንዳይረጋ ያደረገውን ንጥረ ነገር ለዩ። ከዚያ በመነሳት የተሠራው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው! ለሰው መድኃኒትነት የተፈቀደው በ1954 ነው። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ተሰጣቸው።

ይህን ለመተረክ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የሰማ ተማሪ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ፣ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ፣ ከሚበላ ነገር ጋር ለምን እንደሚያያዝ አንድ ላይ ያገኘዋል። ከእኛም ቢሆን ኮሶ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ የገባ የራሳችን መድኃኒት ነው። ስለ መጠን፣ ስለ ጉዳት፣ በባዶ ሆድ ስለ መውሰድ ለማስተማር ከኮሶ የተሻለ መግቢያ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከየት ይመጣል? እኔ ግን የሕክምና ተማሪ ጓደኞቼን ስጠይቅ ስለ ኮሶ የነገሯቸው አያቶቻቸው እንጂ መምህሮቻቸው አይደሉም።

ከሁሉም በላይ ተማሪን የሚቀይረው ግን ፈተና ነው። የማይፈተን ነገር አይጠናም፤ ይህን ለዚህ ቡለቲን አንባቢ ማስረዳት አያሻኝም። በስኮትላንድ የዳንዲው ሮናልድ ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት ኦስኪ የሚባል የፈተና ዓይነት አለ። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ በተወሰነ ደቂቃ አንድ አንድ ተግባር ይፈጽማል። የእኛም የሕክምና ተማሪዎች ያውቁታል። ከዚያ ጣቢያ ውስጥ አንዷ ብቻ ለፋርማኮሎጂ ትሰጥ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የኪኒን እሽግ ይቀመጥ፤ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ተማሪው በአምስት ደቂቃ መድኃኒቱን በሽተኛው በሚናገረው ቋንቋ ያስረዳ። ከዚያ ነጥቡ የሚሰጠው ተማሪው በተናገረው ብቻ አይሁን፤ የተቀመጠው ሰው መልሶ በተናገረው ጭምር ይሁን።

«የሚቀመጠውን ሰው ከየት እናመጣለን?» ላሉኝ መምህር የሰጠሁት መልስ ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። እኛ አለን! የጋዜጠኝነት ተማሪ ሥራው የማያውቀውን ነገር ጠይቆ፣ ገብቶት፣ መልሶ መናገር አይደለም እንዴ? እኛ ወንበሩ ላይ እንቀመጥ። የገባንን እንጽፋለን፤ ያልገባንን እንደ እማዬ በራሳችን መንገድ ተርጉመን እናሳያቸዋለን። ለእኛም የጤና ዘገባ ልምምድ ይሆነናል።

ይህን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ አቅርቤው እስካሁን አሥራ አንድ ልጆች ፈቃደኛ ነን ብለዋል። አራቱ ኦሮምኛ፣ ሁለቱ ትግርኛ፣ አንዷ ሶማልኛ ይናገራሉ። እህቴም በበኩሏ እረፍት ላይ እማዬን አስቀምጣ ስለ ዋርፋሪን እንደ አዲስ አስረድታታለች። ሁለት ጊዜ አቋርጣት «ቆይ፣ አልገባኝም» ብላታለች፤ በሦስተኛው ገብቷታል። የስም ዝርዝራችን በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ነጻ ነን።